ለሞርሳው አንድ ብሎን

ባለፈው ወር አንድ የለቡ ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛና ጠራኝ። ሰፈራችን ውስጥ መኪና ተገዝቶ እኔ ሳልጠራ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ኮፈኑን ከፍቶ "እስቲ እይልኝ፣ እትዬ የሺ" አለኝ። አየሁ። አንድ ትልቅ ክዳን፣ ወፋፍራም ገመድ፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ፣ አለቀ። እንደ ልማዴ ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ "አስነሳው" አልኩት።

"ተነስቷል እኮ!" አለ። ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀብኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴን ግን ቅር አለው። ጎረቤቴ ነገር ማጣፈጥ ይወዳልና "ካምሻፍትሽን እየፈለግሽ ከሆነ አትድከሚ፣ የለውም። አንቺ ጡረታ ስትወጪ እሱም አብሮሽ ወጣ" አለኝ። ካምሻፍት ማለት የሞተሩን ቫልቮች እየተጫነ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው፤ ሞተር የሚተነፍሰው በእሱ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱን ሳወጣና ስመልስ ነው። ቤቴ ገብቼ ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩና ስለዚያ ዘንግ፣ ከዘንጉም ይልቅ ስለሚያስረው ብሎን አንድ ነገር ልጻፍ አልኩ። እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል? ጎረቤቴማ መኪናውን እንደ ስልክ ቻርጅ እያደረገ ነው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ነበር። አለቃዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ "እዚህ ውስጥ ቱታሽ ይቆሽሻል" ብለው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝ። "ቱታ የተሰፋው ሊቆሽሽ አይደለም እንዴ?" ብዬ ስመልስላቸው አፌን አልወደዱትም። ግምጃ ቤቱ ግን ጠቀመኝ። ግማሹን በጣሊያንኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚጠራውን ዕቃ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ መለየት የለመድኩት እዚያ ነው። ከዚያ ወደ መንገድ ሥራ ካምፕ ተዛወርኩ። ካምፑ ሩቅ ነበርና መኪና ሲበላሽ "ሴት ናት" የሚል ሰው አልተገኘም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዬን ሞተር ከፍቼ የገጠምኩት እዚያ አቧራ ውስጥ ነው። ሲነሳ እንደ ሰርገኛ እልል አልኩ። ሹፌሩ ደነገጠ።

ካገባሁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩና ነፋስ ስልክ በሚገኘው የአቶ መኮንን ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙን አልናገርም። የሰማ ሰው ያዝንልኛል፣ እኔ ደግሞ ሲታዘንልኝ አልወድም። የቆየሁት ለደመወዙ ሳይሆን ለጋሽ ከድር ብዬ ነው።

ጋሽ ከድር የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበር። የስልጤ ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ነጭ ቆብ ከጆሮው በላይ፣ እርሳስ ደግሞ ከጆሮው ጀርባ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ ሹክሹክታ ስንሰማ ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። ሞተር ከመክፈቱ በፊት የፓስታ ካርቶን ያስመጣል። ካርቶኑን ዘርግቶ የሞተሩን ቅርጽ በእርሳስ ይስልበታል፤ ብሎን ባለበት ቦታ ሁሉ በካቻቢቴ ይበሳዋል። ከሞተሩ የወጣ እያንዳንዱ ብሎን ካርቶኑ ላይ በራሱ ቀዳዳ ይቆማል። ከዚያ አንድ በአንድ ያነሳና በናፍታ ያጥበዋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይቦርሸዋል፣ ለብርሃን አቅርቦ ያየዋል፣ እዚያው ይመልሰዋል። ብሎኑ የሚገባበትንም ጉድጓድ በአየር ይነፋል። "ታች ዘይት ከቀረ ብሎኑ ዘይቱን ነው የሚጫነው፣ አንቺ ጠበቀ ትያለሽ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል" ይለኝ ነበር።

ካምሻፍት ሲገጥም ደግሞ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። ዘንጉ የሚቀመጠው በቫልቮቹ ሞላ ላይ ስለሆነ ወደ ላይ ይገፋል። አንዱን ጫፍ ቀድመህ ካጠበቅህ ወይ ዘንጉ ይጎብጣል ወይ ዘንጉን የያዘው ብረት ይሰበራል። ጋሽ ከድር ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ዙሩን እየደጋገመ ዘንጉን ያስተኛዋል። መጨረሻ ላይ ቶርክ ሬንቹን ያነሳል። ይህ የተፈለገው ጥብቀት ላይ ሲደርስ "ቀጭ" የሚል ረጅም ቁልፍ ነው። በጋራዡ ሕግ ያን ቁልፍ የሚያነሳው እሱ ብቻ ነበር። "ቢስሚላህ" ይላል፣ ይስባል፣ ቀጭ። ያን ድምፅ ስንሰማ ሁላችንም ትከሻችን ይላላል።

እንግዲህ የኛን አገር ባለመኪና የማያውቅ የለም። መኪናውን ጋራዥ ጥሎ አይሄድም። በርጩማ ስቦ ከመካኒኩ አጠገብ ይቀመጣል። ዓይኑ የሚጠብቀው እጃችንን ነው፤ ኦሪጅናሉ ወጥቶ ሌላ እንዳይገባበት። እውነቱን ለመናገር የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ጋሽ ከድር ያን ሰው አይጠላውም ነበር። ካርቶኑን በርጩማው አጠገብ ያስቀምጥለትና "ብሎንህ እነዚህ ናቸው፣ ጠብቃቸው" ይለዋል። ሰውየው ደስ ይለዋል። ከብስራተ ገብርኤል እስከ ለቡ "ነፋስ ስልክ ሂድ፣ እዚያ ብሎንህ አይለወጥም" እየተባለ ስማችን የወጣው በዚህ ነው። የጎዳንም ይኸው ስማችን ነው።

ሽፈራው የብስራተ ገብርኤል ሰው ነው። ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን አነስተኛ መኪና ገዝቶ ታክሲ አደረጋት። ቤተሰቡ የሚበላው ከእሷ ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ጣ ጣ ጣ እያለ መጣ። ከፍተን ስናይ ካምሻፍቱ ተበልቷል። ሞተሩ በዚያን ጊዜ ለኛ አዲስ ዓይነት ነበር፤ ካምሻፍቱን ከሚያዞረው ሰንሰለት፣ ከካቴናው፣ ጋር የሚያገናኘው ጥርሳም ክብ በአንድ ወፍራም ብሎን ብቻ ነው የታሰረው። አዲሱን ዘንግ አመጣን። እኔ የሞተሩን መጽሐፍ ስመለከት የማላውቀው ነገር አገኘሁ።

"ጋሽ ከድር፣ ይህን ብሎን ሁለተኛ አትመልሱት ይላል።"

"ለምን?"

"ሲጠብቅ ይለጠጣል። የያዘውም በመለጠጡ ነው። አንዴ ከተፈታ ይጣላል ነው የሚለው።"

ጋሽ ከድር ብሎኑን ከካርቶኑ ላይ አንስቶ በጣቶቹ መሐል አሽከረከረው። ጥርሱ ደህና ነው፣ አንገቱ ደህና ነው፣ ዝገት የሚባል የለበትም። "ጣሉት ማለቱስ ቀላል ነበር" አለ። "በምትኩ ምን እናስገባ?"

ጥያቄው እሱ ነበር። ገበያ ልከን አዲስ አስመጣን። የመጣው እጅ ላይ ሲይዙት ቀለል ይላል፣ ራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዘዝ ብሏል። ሽፈራው ከበርጩማው ዘሎ ተነሳ።

"ኦሪጅናሌን አውጥታችሁ ፎርጅድ ልታስገቡብኝ ነው? እኔ እዚህ የመጣሁት ብሎኔ እንዲመለስልኝ ብዬ ነው!"

ጋሽ ከድር አሮጌውን በአንድ እጁ፣ አዲሱን በሌላ እጁ ይዞ መዘናቸው። አንዱ ጠንካራ መሆኑን ያሳየ፣ ግን ሥራውን የጨረሰ ነው። ሌላው ሥራ ያልጀመረ፣ ግን ማንነቱ የማይታወቅ ነው። በዚያን ቀን ከተማው ውስጥ ካለ መካኒክ ሁሉ የትኛውን ብትጠይቁት ኦሪጅናሉን ያስገባ ነበር። ጋሽ ከድርም አስገባው። ቢስሚላህ፣ ቀጭ። ሽፈራው መርቆን ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሽፈራው ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ለቡ ሲወጣ ብሎኑ ተበጠሰ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሞተሩ ግን አለቀለት። ካምሻፍቱ ቆሞ ፒስተኖቹ ሲወጡ ከተከፈቱት ቫልቮች ጋር ተጋጩ። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ስትገባ ሁላችንም እጃችን ላይ የነበረውን ዕቃ አስቀመጥን። ሽፈራው ይጮሃል ብዬ ነበር፤ ቢጮህ በወደድኩ። በቀስታ ነው የተናገረው።

"ጋሽ ከድር፣ ብሎኔን መልሰህልኛል። ሞተሬንስ የት አደረስከው?"

ጋሽ ከድር ወደ ሥራ ጠረጴዛው ዞረ። ቶርክ ሬንቹን በጨርቅ ጠረገው፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ከዚያም "ከእንግዲህ በኔ እጅ የሚጠብቅ ነገር የለም" አለ። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር። አቶ መኮንን "ሞተሩ በጋራዡ ወጪ ይሠራል፣ በዚህ ላይ ወሬ አልፈልግም" ብለው ወሰኑ፤ ጥሩ ሰው ነበሩ። ግን ማን ይሠራዋል? በምን ብሎን?

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበዱኝ ናቸው። ጋሽ ከድር ከሥራ አልቀረም። ይመጣል፣ ያዳምጣል፣ "ይህ ኩሽኔታ ነው፣ ያኛው ቺንጋ ነው" ይላል፣ ዕቃ ያጥባል። ማጥበቅ ሲደርስ እጁን ጠርጎ ወደ ውጭ ይወጣል። ደንበኛ ይህን አየ፤ መራቅም ጀመረ። የሽፈራው መኪና ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሽፈራው እንደገና የሰው መኪና መንዳት ጀምሮ ነበር። አንዳንዴ ብቅ ይልና ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያያታል፣ ከጋሽ ከድር ጋር ሳይተያይ ይሄዳል። እኔ ይህን ማየት አቃተኝ። ያቺ መኪና እንድትነሳ፣ ያ ቁልፍም ከምስማሩ እንዲወርድ ፈለግሁ። አንዱ ያለ ሌላው እንደማይሆንም ገብቶኛል።

መጀመሪያ የተበጠሰውን ብሎን ወሰድኩ። ማበጠሪያ የሚመስል የብሎን ጥርስ መለኪያ አለን፤ ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ሲጋጠም በመሐላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም። ከጫፉ በኩል ገጠመ። ወደ ተበጠሰበት ስጠጋ ግን ጥርሶቹ ተራርቀው ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። አንገቱም ሊጥ ሲሳብ መሐሉ እንደሚቀጥነው ቀጥኗል። ለጋሽ ከድር አሳየሁት።

"እይ፣ የእጅህ ጥፋት አይደለም። ተለጥጦ ያለቀ ነው።"

አየው፤ መለኪያውንም መልሶ ሰጠኝ። "ያለቀውን ያስገባው ማን ሆነና ነው?" አለ።

ተናደድኩ። ስናደድ እግሬ ፈጣን ነው፤ ቱታዬን እንኳ ሳላወልቅ ራህመት ሱቅ ደረስኩ። ራህመት የመኪና ዕቃ ትሸጣለች። ምላሷ ከኔ ምላስ የሚስተካከል እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ እንዋደዳለን። ያን ዓይነት ብሎን ጠየቅኋት፣ አመጣችልኝ።

"ኦሪጅናል ነው?"

"ወላሂ ኦሪጅናል ነው ተብዬ ነው የገዛሁት።"

"እንግዲያው ሁለት ስጪኝ። አንዱን እሰብረዋለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ሞርሳ ላይ አስሬ እስኪበጠስ አጠብቀዋለሁ። ጠንካራ ከሆነ ሌላውን አስገባዋለሁ።"

"አዲስ ዕቃ ገዝተሽ ልትሰብሪ? የሺዬ፣ አሞሽ ይሆን?" አለችና ብሎኖቹን መልሳ ሳበቻቸው። ተጓተትን። በመጨረሻ "ከሱቄ የወጣ ዕቃ ሲሰበር እኔም ቆሜ አያለሁ" ብላ ሻሿን አጥብቃ፣ ሱቋን ዘግታ ተከተለችኝ።

ከወዳደቀ ብረት መሐል አንድ የሞተ ቴስታታ፣ የሞተር የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ ነበረን። ሞርሳው፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው የጠረጴዛ መጨበጫ፣ ላይ አሰርኩትና ብሎኑን ከተትኩበት። እንዲህ ዓይነት ብሎን መጀመሪያ በኃይል፣ ከዚያ በዙር ነው የሚጠብቀው፤ ቁልፉ ቀጭ ካለ በኋላ መጽሐፉ ያለውን ያህል ሩብ ዙር ይጨመርበታል። ዙሩን እንዳልስት ቀይ ኩቴክስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ራሱ ላይ መስመር አሰመርኩበት። ወንዶቹ ሳቁ። "ብሎን ልትድሪ ነው?" አሉኝ። እኔ ግን ሳብኩ። ቀጭ። ሩብ ዙሩን ጀመርኩ፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቁልፉ ቀለለኝ። ብሎኑ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ፈትቼ ሳወጣው መሐሉ ቀጥኖ ይታያል።

ራህመት አፏን ይዛ ቆመች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ "እኔንም አታለውኛል" አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ለስንቱ ሰው ሸጬው ይሆን?" ብላ ሄደች፣ ያን ዕቃ በሙሉ ከመደርደሪያዋ አወረደችው። ከዚያ ላመጣላት ሰው ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆችም ሊያነቡት ይችላሉ። እሷ ሌላ ታመጣለች፣ እኔ እሰብራለሁ። ሌላ ታመጣለች፣ እሰብራለሁ። በሰፈሩ "ብሎን ሰባሪዋ" የሚል ስም ወጣልኝ። አንዱ ጋራዥ ጭራሽ "ጥርሴን ስበሪልኝ" የሚል መልእክተኛ ላከብኝ። ጥርሱን ይዞ ራሱ እንዲመጣ ነገርኩት፤ አልመጣም።

አንድ ጠዋት ራህመት ሁለት ብሎን በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችና አንዱን ሞርሳው ላይ አስቀመጠች። "ይህን ከሰበርሽ ሱቄን እዘጋለሁ" አለች። ያን ቀን ሽፈራው ሸራውን ሊገልጥ መጥቶ ነበር። ጠራሁት።

"ና፣ አንተው ሳበው።"

"እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?"

"ሁልጊዜ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ እጃችንን ትጠብቃለህ። ዛሬ በራስህ እጅ እየው።"

ሳበ። ቀጭ። ኩቴክሱን ቀባሁለት። ሩብ ዙር ሄደ፤ ብሎኑ ከበደው እንጂ አልላላም። "አሁንስ ልተው?" አለኝ። "ጨምር" አልኩት። እግሩን ግድግዳ አስደግፎ ጨመረ። ሌላ ሩብ ዙር አለፈ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ እንደ ጥይት ጮኾ ሲበጠስ ሽፈራው ወደ ኋላ ተንደርድሮ ራህመት ላይ ወደቀ። ራህመት ሱቋ እንደሚዘጋ ረስታ እልል አለች። ሁላችንም አልን። ብሎኑ መሰበሩ አይደለም ደስ ያለን፤ ከሚፈለግበት እጅግ አልፎ ሄዶ መሰበሩ ነው። ጋሽ ከድር በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀረብ ብሎ ሁለቱን ስባሪ አንስቶ አጋጠማቸው፣ አየኝ፣ ወጣ። ወደ ካርቶኑ ሲሄድ ግን አየሁት።

ሞተሩን እንደገና ሠራነው። ፒስተን፣ ቫልቭ፣ ካቴና፣ ሁሉም አዲስ። ጋሽ ከድር ብሎን አጠበ፣ ጉድጓድ ነፋ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ተቀብሎ በቦታው አስቀመጠው። ማጥበቅ ሲደርስ እንደ ልማዱ እጁን ጠረገ። ቁልፉን ላነሳ ስዘረጋ ሽፈራው ከበርጩማው ተነስቶ ቀደመኝ። ከምስማሩ አወረደውና ጋሽ ከድር ፊት ይዞት ቆመ።

"እኔ አይደለሁም የማጠብቀው" አለ ጋሽ ከድር።

"ማን ሊሆን ነው?"

"የሺ አለች። እኔ እጄን አላምነውም።"

"ስማኝ፣ ጋሽ ከድር። እኔ በዚህ እጄ ስቤ አይቼዋለሁ። እጅህ ያን ጊዜም ልክ ነበር፤ ብሎኑ ነው ያለቀው። እሱንም መልስልኝ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አሁን ልጆቼን የማበላበትን መኪና አንተ ካላጠበቅህልኝ ሸራዋን መልሼ አለብሳታለሁ።"

 አቶ መኮንን ከቢሯቸው ወጥተው ቆሙ። ጋሽ ከድር እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ተቀበለ። ከመሐል ወደ ዳር ዘንጉን አስተኛው። ከዚያ ወደ ትልቁ ብሎን፣ ከሞርሳው ወደተረፈው፣ መጣ። "ቢስሚላህ" አለ። ቀጭ። ወደ እኔ ዞሮ "ኩቴክስሽን" አለኝ። ቀባሁለት። ያን ሩብ ዙር ሲስብ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ቀዩ መስመር መድረሻው ላይ ሲቆም ለቀቅኩት። በእጃችን ሞተሩን አዙረን ምንም እንደማይነካካ አረጋገጥን። ሽፈራው ገባ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። ጣ ጣ የለ፣ ምን የለ። ጋሽ ከድር ቆቡን አወለቀና ፊቱን ሸፈነበት። "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁት። ሽፈራው ወርዶ አቀፈው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱ ሲያለቅሱ ማየት ስለማልችል ወጥቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሌላ ካምሻፍት ገባ። ጋሽ ከድር የፓስታ ካርቶኑን ዘረጋ፣ ሳለ፣ በሳ። ትልቁ ብሎን ያለበት ቦታ ሲደርስ በእርሳስ ክብ አደረገበት እንጂ አልበሳውም።

"ይህንስ?" አልኩት።

"ይህ ቤት የለውም። ሲወጣ ቀጥታ ወደ ውዳቂ ብረት ቆርቆሮው ነው" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመለሰው ብሎን ቀዳዳ አለው፣ የማይመለሰው ክብ ብቻ። ማንም አይሳሳትም። ባለመኪና ሲመጣ በርጩማውን ከሞርሳው አጠገብ እናደርግለታለን፤ እሱ ራሱ ስቦ ይሰብራል፣ ከዚያ ሞተሩን ያምነናል። ራህመት ሱቅ ገብታችሁ ብሎን ብትጠይቁ "ለሞርሳው አንድ ልጨምር?" ትላችኋለች። ሲስቁብን የነበሩት ጋራዦች ዛሬ ሞርሳቸው ላይ የሞተ ቴስታታ አስረዋል፤ ቀይ ኩቴክስም ይገዛሉ። ያ ጥርሴን ስበሪልኝ ያለውም አለበት። ማንም ከማን እንደተማረ አይናገርም፤ እኔ ግን ስለማውቅ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ጮክ ብዬ ሰላም እለዋለሁ።

ጋሽ ከድር ጡረታ ሲወጣ ቶርክ ሬንቹን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም ለዓመታት ብቻዬን አነሳሁት። የእኔ ተራ ደርሶ በተሰናበትኩ ቀን ጋራዡ በር ላይ ታክሲ ቆሞ አገኘሁ። ሽፈራው ነው፤ ያቺው መኪና። ጋሽ ከድር ከዘራውን ይዞ ከፊት ተቀምጧል፣ ራህመት ከኋላ ቦታ ይዛልኛለች። "ዛሬ ሒሳብ የለም፣ ግቢ" አለኝ ሽፈራው። ወደ ለቡ ስንወጣ፣ ያን ጊዜ ብሎኑ የተበጠሰበት ቦታ ስንደርስ ሬዲዮውን ዘጋና ነዳጅ ረገጠ። ራህመት ወሬዋን አቋረጠች። ጋሽ ከድር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

"ይሰማሻል፣ የሺ?" አለኝ።

"ምን?"

"ጣ ጣ የሚል ነገር።"

አዳመጥኩ። ሞተሩ ዳገቱን እየተነፈሰ ይወጣል።

"ምንም አይሰማኝም" አልኩት።

"እኔም" አለና ፈገግ አለ። ሽፈራው እስከ ቤቴ ድረስ ሬዲዮውን አልከፈተውም።